ሁለት ጾም በአንድ ሰሞን

የካቲት 17፣ 2017 — ሰኞ

ዛሬ ሁዳዴ ገባ። ጨረቃዋ ከታየች ደግሞ ረመዳን ቅዳሜ ነው። ቁርስ ላይ ርብቃን «ዘንድሮ ሁለቱ ጾም ተገናኙልሽ፤ እድለኛ ነሽ» አልኳት። ፈገግ አለች። ሻይዋን ያለ ወተት ጠጥታ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ደብተሩ አዲስ ነው። ተማሪዎቼን «ከመጀመሪያው ጀምሩ» እያልኩ እኔ ከመሃል ብጀምር ነውር ነው። ሳሕራ እባላለሁ፤ የአማርኛ መምህር ነኝ። አፌን የፈታሁት በሶማሊኛ ነው። ባሌ አብሺር የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና ይመላለሳል። እሱ መንገድ ላይ ሲከርም የማወራው ሰው አጣለሁ፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ርብቃ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ ትርሲት፣ መጋላ ሰፈር ተከራይተን በነበረበት ጊዜ የአንድ ግቢ ጎረቤታችን ነበረች። ኩላሊቷን ታማ ስትሞት ልጅቷ ገና አራት ዓመቷ ነበር። ለቅሶ የደረሰ ዘመድ አልነበረም። እኛን ደግሞ አላህ ልጅ አልሰጠንም። ፍርድ ቤት ቀርበን በሕግ ልጃችን አደረግናት። ትርሲት አልጋ ላይ ሳለች እጇን ይዤ «ፋሲካዋን አልነጥቃትም» ብያት ስለነበር ስሟንም እምነቷንም አልነካንም። ሳቢያን ሰፈር ቤት ሠርተን ከገባን ወዲህ በገናና በፋሲካ ቤተ ክርስቲያን የምትወስዳት ጎረቤታችን እትዬ አሰገደች ናት። በኢድና በዓረፋ ከእኛ ጋር ለብሳ ትወጣለች። ሰው ሲጠይቀኝ «የእኔ ልጅ የሁለት በዓል ባለቤት ናት» እላለሁ። ይህን ስል ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

የካቲት 19

ሃዎ መጥታ ነበር። የአብሺር ታላቅ እህት ናት። ርብቃን «ሩቂያ» ብላ ነው የምትጠራት፤ ብዙ ጊዜ አርሜያት ትቻለሁ።

«ሕፃን ሳለች ዝም አልን» አለችኝ። «አሁን ደርሳለች። መጋላ ውስጥ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። ሳሕራ፣ ወይ እዚህ ትሁን ወይ እዚያ። በር ላይ የቆመ ሰው ለወጪም ለገቢም እንቅፋት ነው።»

«ሰብር አድርጊ» አልኳት።

ርብቃ በረንዳ ላይ ጫማዋን ታጥብ ነበር። የሰማች አይመስለኝም።

የካቲት 23 — እሑድ

ረመዳን ሁለተኛ ቀኑ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አሰገደች አንድ ሰው ይዛ መጣች። ረጅም፣ ጠጉሩ ገባ ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። ገብቶ ከመቀመጡ በፊት «ኃይለጊዮርጊስ እባላለሁ፤ የትርሲት ወንድም ነኝ» አለ።

እንዴት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። በእኛ ቋንቋ የእናት ወንድም «አብቲ» ይባላል፤ ከአባት የማይተናነስ ሰው ነው። ትርሲት ወንድም እንዳላት ነግራኝ ነበር፤ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ የቀረ ወንድም። እሱ እንዳለው ሞቷን የሰማው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። መመለስ ሳይሆንለት ቆይቶ፣ አሁን አዳማ ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ይኖራል። እትዬ አሰገደችን ያገኛት በቤተ ክርስቲያን ሰዎች በኩል ነው።

ርብቃ ውኃ ይዛ ገባች። አያት፤ ተነሥቶ ቆመ፤ ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነው። «አንገቷ፣» አለ፣ «አንገቷ የትርሲት ነው።» እኔም አለቀስኩ። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ከተረጋጋን በኋላ ስለ ትምህርቷ ጠየቀኝ፤ መለስኩ። ጥርሷን ታማ እንደነበር፣ ሒሳብ እንደምትወድ ነገርኩት። ሁሉንም እያመሰገነ ሰማ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጅቷ የማንን ሥጋ ነው የምትበላው?» አለኝ።

«የቤቱን» አልኩ።

እትዬ አሰገደች መሬት መሬት ታይ ጀመር። በፋሲካና በገና ለርብቃ ዶሮ የምታሳርደው፣ በራሷ ድስት የምትሠራው እሷ ናት። በሌላው ቀን ርብቃ ከእኛ ድስት እንደምትበላ ታውቃለች። ታውቃለች፤ ግን ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ነግሬያት አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት በዚህ ዝምታ ላይ ነው በዓል ያከበርነው።

ርብቃ ብርጭቆውን እንደያዘች ቆማ ነበር። «አሁንማ ጾም ነው» አለችው ለአጎቷ፣ እሱን ለማጽናናት በሚመስል ድምፅ።

ሲወጣ በር ላይ እንዲህ አለኝ፦ «ያደረጉላትን እግዚአብሔር ይክፈልዎ። ፍርድ ቤት አልሄድም። ነገር ግን የእህቴ ልጅ በእምነቷ ትደግ።»

በእምነቷ አይደል እንዴ ያሳደግኳት?

የካቲት 27

መብራት የለም። የሚታረም ፈተና ተከምሯል። ውኃ ሦስት ቀን አልመጣም፤ በጀሪካን ከታች ሰፈር አስመጣሁ። ርብቃ ለሱሑር፣ ጎህ ሳይቀድ ለሚበላው ምግብ፣ ከእኔ ጋር ትነሣለች። «ተኚ» ስላት «ብቻሽን እንዳትበዪ» ትለኛለች። እንጀራ በሽሮ ሁለት ጉርሻ ትበላና መልሳ ትተኛለች። የዚህች ልጅ ነገር አንጀት ይበላል።

አብሺር ደወለ። መኪናው ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ ተሰልፏል። ስለ አጎቷ ነገርኩት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

መጋቢት 3

ሃዎ ጋ አፍጥረን መጣን። ከመጋላ ስንመለስ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ የተሻገርነው በባጃጅ ነው፤ አሸዋው አሁንም ሙቀት ይተፋል።

ቤቱ ሞልቶ ነበር። ተምር፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳ፣ ሙሸበክ የሚሉት ጣፋጭ። ርብቃ ተምርና ውኃ ወሰደች። ሾርባው ሥጋ አለበት፤ ተወችው። ሳምቡሳውን ከፍታ አየች፤ ሥጋ ነው፤ መልሳ ገጠመችው። ሃዎ ከዚያ ማዶ ታያት ነበር።

«ሩቂያ፣ አትበዪም?»

«ጠግቤያለሁ፣ ኤዶ።» ኤዶ የአባት እህት ማለት ነው። ርብቃ ሶማሊኛዋ ከእኔ ይልቅ የሃዎን ይመስላል፤ ልጆች ከሚፈሩት ሰው ነው ቋንቋ የሚማሩት መሰለኝ።

ዕቃ ስናጥብ ሃዎ ለአንዲት ዘመዷ በጓዳ በኩል እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ «ሳሕራ ልጅ አላሳደገችም፤ እንግዳ ነው ያስቀመጠችው። እንግዳ ደግሞ አንድ ቀን ይሄዳል።»

ልመልስላት ይገባ ነበር። ሰሃኑን አጥቤ ደርቤ አስቀመጥኩ። ለመንገድ ሳምቡሳ ስትቋጥርልኝም አመሰገንኳት።

ርብቃ ባጃጅ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኛች። አጥንቷ ወጋኝ። ሙቀቱ የምግብ ፍላጎቷን ዘግቶታል።

መጋቢት 8

አቶ ኃይለጊዮርጊስ ማታ ደወለ። «ቀን ስብሰባ ላይ እንደሚሆኑ ስለሰማሁ ነው እስካሁን የቆየሁት» አለ። ስብሰባ እንዳለኝ የነገርኩት ለአብሺር ብቻ ነው። ምናልባት እትዬ አሰገደች ከሆነ ሰው ሰምታ ይሆናል።

ፋሲካን አዳማ እንድታሳልፍ ጠየቀኝ። «አስብበታለሁ» አልኩት። አላስብበትም። ፋሲካዋን ለትርሲት ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።

መጋቢት 12 — አርብ

ክፍል ውስጥ ሳለሁ ከርብቃ ትምህርት ቤት ተደወለ። ሰልፍ ላይ ወድቃለች። ክሊኒክ ስደርስ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ፣ ከንፈሯ እንደ ኖራ ነጥቶ ነበር።

ነርሷ «ዛሬ ምን በልተሽ ነው?» ስትላት ደረስኩ።

«ጾም ነኝ።»

«የክርስቲያኑን ነው የእስላሙን?»

«ሁለቱንም።»

ነርሷ ሳቀች። ከዚያ እኔን አየችኝና ሳቋን ተወችው።

ቤት ገብተን አስተኝቻት አጠገቧ ተቀመጥኩ። በትንሽ በትንሹ ነገረችኝ። ረመዳን ከገባ ጀምሮ ቀን ውኃ እንኳን አልቀመሰችም። ምሳዋን ለጓደኛዋ ነው የምትሰጠው፤ ምሳ ዕቃዋ ባዶውን የሚመለስልኝ ለዚህ ነው። ማታ ስናፈጥር ደግሞ ሁዳዴ ስለሆነ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም አልነካችም። በተምርና በሽሮ ነው የቆየችው።

«ለምን እንዲህ አደረግሽ? ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።» ትንሽ አሰበች። «ኤዶ ሃዎ ስትጠይቀኝ ጾሜያለሁ እንድል። እትዬ አሰገደችም ስትጠይቀኝ ጾሜያለሁ እንድል። መዋሸት አልፈለግኩም።»

«እኔ መቼ ጠየቅኩሽ?»

«አንቺ እድለኛ ነሽ አልሽኝ።»

ትራሷን አስተካከልኩላት። «አንዱን ተዪው» አልኳት።

«የትኛውን፣ ሆዮ?»

ሆዮ በሶማሊኛ እናቴ ማለት ነው። ዓይኖቿን እኔ ላይ ተክላ ትጠብቃለች። ልትታዘዘኝ ነው የምትጠብቀው፤ የነገርኳትን ልታደርግ። «ሁዳዴን ተዪው» ብል ትርሲት አለች። «ረመዳንን ተዪው» ብል… ረመዳን ግዴታዋ አይደለም፤ ይህን ማለት ቀላል ነበር። ማንም ይለው ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ግን አልወጣም። ሱሑር ላይ ከእኔ ጋር የሚቀመጥ ሰው ስለማጣ ይሆን?

«ነገ እንነጋገራለን፤ አሁን ተኚ» አልኳት።

መጋቢት 13

አልተነጋገርንም። በሽተኛ ነሽ፣ ውኃ ጠጪ አልኳት። እሺ አለች። እሺ ማለት ታውቅበታለች።

መጋቢት 17

ለኢድ ጨርቅ ገዛሁላት፤ ሰማያዊ ዲራ፣ ሰፊ የሶማሌ ቀሚስ፣ ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት። ለፋሲካም ነጭ ቀሚስ አሰፋሁላት። ሁለቱን አልጋዋ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋሁና ጠራኋት። «ደስ አላለሽም?» ስላት «በጣም ያምራሉ» አለች። ጫፋቸውን ነካ ነካ አድርጋ አጣጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተቻቸው። አንዱንም አልለካችውም።

መጋቢት 21 — ኢድ

አልሐምዱሊላህ፣ አብሺር ትናንት ገባ። ጠዋት ለሰላት ሄድን፤ ርብቃም ሰማያዊውን ለብሳ ከሴቶች ኋላ ቆማ ጠበቀችኝ። ፎቶ ተነሣን። አብሺር «እናንተ ሁለት እህትማማች ትመስላላችሁ» አለ። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ሲቀልድ አልሰማሁትም።

ከሰዓት በኋላ ሃዎ ከነቤተሰቧ መጣች። ሩዝ በሥጋ ቀረበ። ርብቃ ሰሃኗ ላይ ሩዙን ብቻ አውጥታ ነበር። ሃዎ ከራሷ ሰሃን ትልቅ ብልት አነሣችና እንግዶቹ ሁሉ እያዩ አስቀመጠችላት።

«በኢድ ቀን ሥጋ የማይበላ ልጅ የማን ቤት ልጅ ነው?» አለች። በፈገግታ ነው ያለችው።

አብሺር የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ርብቃ አየችኝ። እኔም አየኋት። ምን ብዬ እንዳየኋት አላውቅም። ሥጋውን አነሣችና በላች። እስኪያልቅ፣ ቀስ ብላ፣ ዝቅ ብላ በላች። ሃዎ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት።

በልጄ ኮራሁ። እንግዳ ፊት አላሳፈረችኝም። በዓሉም ሳይበላሽ አለቀ።

ሁላቸውም ከሄዱ በኋላ ርብቃ አጥሩ ጋ ቆማ ከእትዬ አሰገደች ጋር ታወራ ነበር። ልብስ ከገመድ ሳነሣ ነው የሰማሁት። «ንስሐ ለመግባት ስንት ዓመት መሆን አለበት?» ስትላት። እትዬ አሰገደች ምን እንዳለቻት አልተሰማኝም። ስለ ሃይማኖት ትምህርቷ ይሆናል።

ሆዷን አሟት ራት አልበላችም። ሥጋ ከተዉ በኋላ ድንገት ሲበሉት ይከብዳል።

መጋቢት 25

አብሺር ነገ ይሄዳል። ከራት በኋላ ርብቃ ስታጠና በረንዳ ወጥተን ተቀመጥን።

«ልጅቷ ከስታለች» አለኝ።

«ሙቀቱ ነው።»

«ሙቀቱ አይደለም፣ ሳሕራ።» ፀሐይ ያጠቆረው እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። «በኢድ ዕለት አይተሻታል። እኔም አይቻታለሁ። ያን ሥጋ እንዴት እንደዋጠችው አይተሻል።»

«አንተ ለምን ዝም አልክ ታዲያ?»

«እኔም አንቺም ዝም አልን። እህቴን ፈርቼ ዝም አልኩ፤ አንቺ ለምን ዝም አልሽ?»

እንዲህ ሲለኝ ተናደድኩ። ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ የሚውል ሰው በአምስት ቀን እረፍቱ አባትነት ሊያስተምረኝ እንደማይችል ነገርኩት። ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ። ርብቃ ውስጥ ሆና መጽሐፏን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ እንዳልሰማች እንዲመስለን።

«ብትሄድስ?» አለኝ በመጨረሻ። «ለጊዜው። ሰውየው ደግ ሰው ነው።»

«ደግ መሆኑን በምን አወቅክ?»

ሲጋራውን ለኮሰ። እንዲህ ስጠይቀው ሁልጊዜ ሲጋራ ነው የሚለኩሰው።

መጋቢት 30

ርብቃ ከኢድ በኋላም ለሱሑር በምነሣበት ሰዓት ትነቃለች። ረመዳን አልቋል፤ የምበላው የለም። ክፍሏ ውስጥ ቁጭ ብላ ግድግዳ ታያለች። «ምን ሆንሽ?» ስላት «ልማድ ነው» አለችኝ።

ሚያዝያ 5 — ሆሳዕና

አቶ ኃይለጊዮርጊስ ሚስቱን ይዞ መጣ። ሃዎም ሳትጠራ መጣች። አብሺር ከጅቡቲ መልስ ነው። እትዬ አሰገደች ከቤተ ክርስቲያን ርብቃን ይዛ ገባች፤ ርብቃ ግንባሯ ላይ ዘንባባ አስራለች። ሃዎ ዘንባባውን አይታ ፊቷን አዞረች።

እኔ ተዘጋጅቼ ነበር። ፍርድ ቤት የሰጠን ልጅ መሆኗን፣ ፋሲካዋን አንድም ዓመት እንዳላጎደልኩባት ተናገርኩ። አቶ ኃይለጊዮርጊስ አልተከራከረኝም።

«ልክ ነዎት» አለ። «እኔ በሌለሁበት እርስዎ ነበሩ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፤ ራሷን እንጠይቃት።»

ፈራሁ እንዴ? አልፈራሁም። መልሷን አውቀዋለሁ ብዬ ነው እሺ ያልኩት። አጠገቤ አስቀመጥኳት፤ እጇን ያዝኩ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፣ በዚያ ሙቀት።

«ርብቃ፣ እንደፈለግሽ ተናገሪ። ማንም አይቆጣሽም» አላት አብሺር።

ሁላችንንም በየተራ አየች። መጀመሪያ «ለእናንተ የሚመቻችሁን» አለች። አቶ ኃይለጊዮርጊስ «ለእኛ አይደለም፣ ልጄ፤ ለአንቺ» አላት። ያኔ እጇን ከእጄ ቀስ አድርጋ አወጣችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ለፋሲካ ልሂድ» አለች።

«ለፋሲካ» አልኩ እኔ ቶሎ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ለበዓሉ ሳምንት። ከዚያ ትምህርት አለባት።»

ማንም አልተቃወመኝም። ሃዎ እንኳን ስትወጣ አቀፈችኝ። ሃዎ አቅፋኝ አታውቅም።

ሚያዝያ 8

ዛሬ ሄደች። ሻንጣዋን ራሷ ነው ያዘጋጀችው። ነጩን ቀሚስ፣ መጻሕፍቷን ሁሉ፣ የክረምት ሹራቧን ሳይቀር ያዘች። አዳማ ማታ ይበርዳል ብላ ይሆናል። ሰማያዊውን ቁም ሣጥን ውስጥ ተወችው። «ለዓረፋ እለብሰዋለሁ» ትል እንደሆን ጠበቅኩ።

አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋት። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ እጇን እያወዛወዘች ፈገግ ብላ ሄደች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ያየሁት ፈገግታ ነው። መንገድ ስለምትወድ ነው፤ ከአባቷ ነው የወረሰችው። ከአብሺር ማለቴ ነው።

ሚያዝያ 12 — ፋሲካ

እትዬ አሰገደች በልማድ ዳቦ ይዛልኝ መጣች። በር ላይ ተያየን። «ውሰጂው፤ ለቤቱ ነው» አለችኝ። ወሰድኩት።

ርብቃ ጋ ደወልኩ። ብዙ ሰው ከበስተኋላ ይስቃል። «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ስላት «እየበላን» አለች። የአጎቷ ታናሽ ልጅ ስልኩን ለመንጠቅ ትታገላታለች፤ ሁለቱም ይንተከተካሉ። እሷ እንዲህ ስትስቅ ድምፅዋን ለመለየት ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ።

«በላሽ?» አልኳት።

«በጣም። ሆዴ ሊፈነዳ ነው።»

ቤቱ ጸጥ ብሏል። የቁም ሣጥኑን በር ዘጋሁ፤ ራሱን እየከፈተ አስቸገረኝ።

ሚያዝያ 20 — ሰኞ

ትምህርት ከተጀመረ ሳምንት ሆነ። አልመጣችም። አቶ ኃይለጊዮርጊስ «ትንሽ ጉንፋን ይዟታል» አለ። ነገ ልሂድ ስል አብሺር በስልክ «ተያት፣ ትረፍ» አለኝ። ጉንፋን ስንት ቀን ይፈጃል? በዚህ ሙቀት ጉንፋን!

ሚያዝያ 26

እዚያ ትምህርት ቤት አስገብተዋታል። የነገረችኝ ራሷ ናት። «ዓመቱ እስኪያልቅ» አለች። በአራተኛው ሩብ ዓመት ትምህርት ቤት የሚቀየረው ለሁለት ወር ተብሎ አይደለም፤ መምህር ነኝ፣ አውቃለሁ። «ጥሩ፣ ጥሩ» ብዬ ዘጋሁ። መጮህ ነበረብኝ፤ ወይ ማልቀስ። ጥሩ አልኩ።

ግንቦት 3

አብሺር ነገረኝ። ጠይቄው አይደለም፤ ምሳ እየበላን ድንገት ነው ያወጣው። ከአጎቷ ጋር ገና ከየካቲት ጀምሮ ይነጋገሩ ነበር። አዳማ በጭነት ሲያልፍ ቤታቸው ገብቶ ምሳ በልቷል። የምትተኛበትን አልጋ ሳይቀር አይቷል።

«ክሊኒክ የገባች ዕለት ነው የወሰንኩት» አለኝ። «ልጅቷን በሁለት እጅ ይዘን ለሁለት ስንጎትታት ነበር። አንድ ሰው መልቀቅ ነበረበት።»

«እኔ አልጎተትኩም። ሁለቱንም ሰጠኋት እንጂ።»

«አውቃለሁ» አለኝ። በጣም በቀስታ ነው ያለው፤ ሰው በሽተኛ አጠገብ እንደሚያወራ።

ሰሃኖቹን አነሣሁ። ፍርድ ቤት መሄድ እችላለሁ። ሕጉ ከእኔ ጋር ነው። ዳኛው ግን ርብቃን ይጠይቃታል።

ግንቦት 12

ክፍል ውስጥ ድርሰት እያረምኩ «በዓል በቤታችን» የሚል ርዕስ መጣብኝ። ራሴ ነኝ የሰጠሁት፣ ባለፈው ወር። ሳላርመው ለባልደረባዬ ሰጠኋት። ዓይኔን አሞኛል አልኳት።

ግንቦት 24 — እሑድ

አዳማ ደርሼ መጣሁ። ትናንት ጠዋት ሄጄ እነሱ ቤት አድሬ፣ አሁን ገባሁ። እግሬ አብጧል። ሁሉንም ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ አሳምሬ ነው የምጽፈው።

በሩን የከፈተችልኝ ርብቃ ናት። ፊቷ ሞልቷል። ጉንጭ አውጥታለች። ቁመቷም የጨመረ መሰለኝ። አቀፈችኝ፤ ያ አጥንቷ አልወጋኝም። ሆዮ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ በቤቱ ውስጥ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ግን ምንም ብላ አልጠራችኝም። አጠገቤ መጥታ ዓይኔን እያየች ነው የምታናግረኝ፣ ስም እንዳያስፈልጋት።

የአቶ ኃይለጊዮርጊስ ሚስት ደግ ሴት ናት። እግሬን ካላጠብኩ አለች። ራት ሲቀርብ ለቤተሰቡ ቀይ ወጥ ነበር፤ ለእኔ ብቻ በሌላ ሰሃን ምስርና ጎመን። ሴትየዋ ሰሃኖቹን አምታታቻቸው፤ የሥጋውን ወጥ ወደ እኔ አስጠጋችው። ርብቃ ቀድማ እጇን ዘርግታ መለሰችው።

«እሷ የእኛን ሥጋ አትበላም» አለቻቸው።

ለእኔ አስባ ነው። እንዳልቸገር፣ በሰው ቤት እንዳላፍር ነው ያደረገችው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ በላይ ማን ያስተማራት አለ? አመሰገንኳት። ምስሩ ጣፋጭ ነበር። ግን ውኃ ደጋግሜ ጠጣሁ።

ከራት በኋላ ብቻችንን ግቢ ውስጥ ተቀመጥን። ልጠይቃት ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። የጠየቅኳት ግን «ትተኛለሽ?» ብዬ ነው።

«እስኪነጋ» አለች። «እዚህ አልነቃም።»

«ልትመለሺ ትፈልጊያለሽ?»

በእግሯ ጣት አፈሩን ጫር ጫር አደረገች። መዋሸት አትወድም። «እንዳትከፊብኝ» አለችኝ። ሌላ አላለችም። እኔም አልከፋም አልኳት፤ እኔ መዋሸት እችላለሁ።

ዛሬ ጠዋት አጎቷና እሷ መናኸሪያ ሸኙኝ። አቶ ኃይለጊዮርጊስ ቦርሳዬን ሊያስጭን ሲሄድ ርብቃ አጠገቤ ቆመች። የመጣችው ያንን ነጭ ቀሚስ ለብሳ ነው፤ ከእኔ መልስ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ።

«ዓረፋ አርብ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አርብ ነው፣ ኢንሻአላህ።»

«እንኳን አደረሰሽ።»

ቤታችን ውስጥ እንዲህ ተባብለን አናውቅም። በኢድም በፋሲካም «እንኳን አደረሰን» ነበር የምንባባለው፣ ሦስታችንም። «አደረሰሽ» የሚለው ጎረቤት ነው፤ በዓሉ የሌላ ሰው መሆኑን አውቆ በር ላይ ቆሞ የሚመርቅ ሰው። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት፤ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ለልጆች የማስረዳው ነው። ርብቃ የተሳሳተች አይመስለኝም። በአማርኛ ተሳስታ አታውቅም።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አልኳት። መልሱ ይኸው ነውና።